የአርባ ሰባተኛው ቀዳዳ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ የተወሰነው ስሕተት ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አግዳሚ ወንበሮች ስምንት ይሁኑ አሥር፣ ግድግዳው አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ፣ ያ ቅዳሜ ከፋሲካ በፊት ይዋል በኋላ፣ በእነዚህ አልምልም። ከዚህ የሚከፋው ግን ለዓመታት ለወዳጆቼ ስተርከው የኖርኩት ዋናው ነገር ራሱ ለራሴ እንዲመቸኝ አድርጌ የጠረብኩት ሆኖ መገኘቱ ነው። የማልጠራጠረው ቁጣዬን ብቻ ነው። ለማን እንደሚገባ ግን በትክክል ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የእህቴ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ የአዳማ ሙቀት ቤት አላስቀምጥ ሲላት እኔ በረንዳ ላይ ትመጣና ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። የምታጠናው በቴሌግራም ነው። ጥያቄ ይመጣል፣ አራት ምርጫ ይደረደራል፣ ከላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ስለ ሕዋስ የተጠየቀችውን ሳትጨርስ ስለ ዛጔ ነገሥታት ትጠየቃለች፤ ከዛጔ ወደ ሎጋሪዝም፣ ከሎጋሪዝም ወደ አቅርቦትና ፍላጎት ትዘላለች። በዚህ ሁሉ መካከል ከአውራ ጣቷ በቀር ከአካሏ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

"ምን ጠየቀሽ?" አልኳት አንድ ቀን።

"አጎቴ፣ በናትህ ዝም በል፤ እየቆጠረብኝ ነው።"

አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። ከሚከተሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ውኃው በወንዝ የሚወጣ የትኛው ነው ይላል። ኤ፣ አቢጃታ። ቢ፣ ሐዋሳ። ሲ፣ ዝዋይ። ዲ፣ ሻላ። ልጅቷ ዝዋይን ነካች። ስልኩ ቀላ፤ ትክክለኛው መልስ ዲ ነው አላት።

"እሺ፣ ሻላ" አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

"ለምን ሻላ?"

"መልሱ ነዋ!"

"ሻላ እኮ መውጫ የለውም።"

"አንተ ደግሞ! ከመልሱ ጋር ልትጣላ ነው?"

ስልኩን ከእጇ ቀማኋት። ጮኸችብኝ፤ እኔም ጮኽኩባት። እሷ ምን አጠፋች? ጥያቄውን አውቀው ነበር። ከነምርጫው፣ ከነቅደም ተከተሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩም አርባ ሰባት ነበር።

በጂኦግራፊ ተመርቄ ወደ አዳማ በተመለስኩበት ጊዜ፣ ቋሚ ሥራ እስካገኝ ብዬ በአንድ የፈተና ማጠናከሪያ ማዕከል ተቀጥሬ ነበር። ማዕከሉ ከመነኻሪያው ጀርባ ያለ የኪራይ ቪላ ነው። ጋራዡ ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል ሆኖ መቶ ልጅ ይታጨቅበታል፤ ሳሎኑ ደግሞ ቬንትሌተር ያለው "ስፔሻል ክፍል" ነው። በሞዴል ፈተና ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የወጡ ተማሪዎች እስከ መልቀቂያው ፈተና ድረስ ስፔሻል ክፍል በነፃ ይማራሉ። ባለቤቱ የእነዚህን ልጆች ፎቶግራፍ በሚቀጥለው ዓመት በር ላይ ይሰቅለዋል። በፊቱ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነሥቼዋለሁ፤ የማልመልስለትም ለምን እንደሆነ ይታያል።

ያስተማርነው ምን እንደነበር ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ። "ጥያቄውን ማን አንብብ አለህ?" ይል ነበር ባለቤቱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ። "ከምርጫው ጀምር! ሁለቱን ጣል፣ ከቀሩት ከሁለቱ ረጅሙን ያዝ!" ተማሪዎቹም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ያላወቁት ሁሉ ሲ ነው። "ሁሉም መልስ ናቸው" የሚል ካለ እሱ ነው። አንድ ፊደል ግን አራት ጊዜ በተከታታይ አይመጣም። ልጆች ደረቅ መሬት በዶማ እንደሚቆፍር ሰው አንገታቸውን ደፍተው ከባዮሎጂ ወደ ታሪክ፣ ከታሪክ ወደ ፊዚክስ ሲሄዱ ይውላሉ፤ ሲወጡ በእጃቸው የሚቀረው የፊደል ዝርዝር ነው። ይህን አይቼ ዝም አልኩ። እንዲያውም ጎበዝ ጥያቄ አውጪ እባል ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ካርቶኑ መናገር አለብኝ። ሞዴል ፈተና የምናርመው በካርቶን ነበር። የብስኩት ካርቶን በመልስ ወረቀቱ ልክ ይቆረጥና ትክክለኛው መልስ ባለበት ቦታ ሁሉ በእሳት በጋለ ሚስማር ይበሳል። ካርቶኑን ተማሪው ባጠቆረው ወረቀት ላይ መጫን ነው፤ በቀዳዳዎቹ የሚታየውን ጥቁር ቆጥሮ መጻፍ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሁለት መቶ ተማሪ ወረቀት ያልቃል። ጥያቄውን መለስ ብሎ የሚያነብ የለም፤ ማንበብ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበም አልነበረም። ካርቶኑ ከተበሳ በኋላ ዓለም ሁሉ በቀዳዳው ልክ ናት።

በዚያ ዓመት ጋራዡ ውስጥ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ካለችው ከባቱ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። አክስቷ ዘንድ አዳማ ተቀምጣ ለሁለተኛ ጊዜ ልትፈተን የምትዘጋጅ ልጅ ናት። አባቷ በቡልቡላ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ከአባቷ ጋር ያላትን ውል ራሷ ነግራኛለች፦ ስፔሻል ክፍል ከገባች እስከ ፈተናው አዳማ ትቆያለች፤ ካልገባች ለማጠናከሪያ የሚከፈል ስለሌለ ወደ ቤቷ ተመልሳ ከአጎቷ ልጆች ጋር አበባ እርሻ ትገባለች። ስለዚህ ያ የሞዴል ፈተና ለሌላው ልምምድ ነበር፤ ለእሷ ግን ፈተናው ራሱ ነበር። መማሪያ መጽሐፎቿን በስጦታ ወረቀት ለብጣ ትይዛለች፤ ከጋራዡ ልጆች መካከል መጽሐፉን ራሱን ስታነብ ያየኋት እሷን ብቻ ነው። "ቲቸር፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን ስሕተት ሆኑ?" ብላ ትጠይቅ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ጊዜ አልነበረንም።

ቅዳሜ ተፈተኑ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ብረት በሩ ላይ ተለጠፈ። አሥራ አንደኛ ወጣች፤ አሥረኛው የበለጣት በአንድ ጥያቄ ነው። ጥቂት ቆይታ የጥያቄ ወረቀቷን ይዛ ቢሮ ገባች። ቢሮው የቪላው ማዕድ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ በዕቃ ማጠቢያው ላይ ጣውላ አጋድሞ ይጽፍበታል። እኔ ከጎኑ ቆሜ ወረቀት እየጠረዝኩ ነበር።

"ጋሼ፣ ማሎ፣ አርባ ሰባትን ይዩልኝ" አለች። ሲጨንቃት ልመናው በኦሮምኛ ይመጣባታል።

"ምን ሆነ አርባ ሰባት?"

"መልሱ ዝዋይ ነው። ዲ ተብሎ ነው የታረመው።"

"ዲ ከተባለ ዲ ነዋ።"

"ቡልቡላ የሚወጣው ከዝዋይ ነው እኮ ጋሼ። አባቴ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው በሱ ነው።"

"አንቺ የዝዋይ ዓሣ! ከውኃ ወጥተሽ መናገር ማን አስተማረሽ?"

በሩ ላይ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"ታዲያ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ከዓሣ በላይ ማን ያውቃል፣ ጋሼ?"

አሁን ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ይቅር ያላላትም ይህን ይመስለኛል። ፊቱ ጠቆረ።

"ወደ ሐይቁ ይግባ፣ ከሐይቁ ይውጣ በምን ለየሽው? ወንዝ ወንዝ ነው።"

"ቡልቡላ ድልድዩ ላይ ቆመው ሣር ይጣሉ። ሣሩ ወደ ዝዋይ ከሄደ እኔ ወድቄያለሁ፤ አባቴ ጋ እሄዳለሁ።"

"ሣር ፈተና አያርምም!" አለና ካርቶኑን አንሥቶ ወረቀቷ ላይ ጫነው። "ነይ፣ እዪ። ያጠቆርሽው በቀዳዳው ይታያል? አይታይም። አለቀ።"

ካርቶኑ ላይ አጎንብሳ ረዘም ላለ ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ እርስዎ የተማሩት ጂኦግራፊ አይደል?"

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላውቅም። ለወዳጆቼ ስተርከው "ጥያቄው እንደገና ይታይ" ብዬ ተከራክሬ፣ ባለቤቱ አፌን እንዳስዘጋኝ አድርጌ ነበር። ዛሬ ግን ያን ዓረፍተ ነገር ከአፌ ያወጣሁት ይሁን በልቤ ያልኩት መለየት አቅቶኛል። በግልጽ የሚታየኝ የጠረዛው ማሽንና የራሴ ጣት ነው። ባለቤቱ ያለው ግን ቃል በቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ "ለአንቺ ከተቀየረ ለሁለት መቶ ሰው ሊቀየር ነው። ውጤት ለጥፎ የመልስ ቁልፍ የሚቀይር ማዕከል ማን ያምናል?" ካርቶኑን ከጫነ በኋላ ስለ ሐይቁ አንድም ቃል አልተናገረም። ከዝዋይ ውኃ ይውጣ አይውጣ ለእሱ ጉዳዩ አልነበረም፤ መኪና ተሳፍሮ በግማሽ ቀን ደርሶ የሚያየው ሐይቅ ከአንድ የብስኩት ካርቶን አንሶበት ነበር። አንቱታውን የነሣሁት ለዚህ ነው።

ልጅቷ በዚያው ሳምንት ማዕከሉን ለቃ ሄደች። እኔ ዓመቱን ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ባወራሁት ቁጥርም እየተሳለ ሄዷል። ባወራሁት መሠረት ጥፋቱ እንዲህ ነው፦ ከአርባ አምስት እስከ አርባ ስምንት ያሉት አራት ጥያቄዎች መልሳቸው ሁሉ ሲ ስለነበር፣ ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር መሰለፋቸውን ባለቤቱ አልወደደውም። "ተማሪ ሰልፍ ካየ ይነቃል" ብሎ የአርባ ሰባተኛውን ሲ በገዛ እጁ ደፍኖ ዲ ላይ በሳው። ቁልፉ ሲቀየር ግን በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ዝዋይና ሻላ ቦታ መለዋወጥ ነበረባቸው፤ ይህ ሳይደረግ ወረቀቱ ተባዛ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ነበርኩ፤ የተናደደ፣ የተማረ፣ ንጹሕ ተመልካች።

የእህቴን ልጅ ስልክ በቀማሁ በማግስቱ ያንን ካርቶን ፈለግኩት። ማዕከሉን ስለቅ አሮጌ ወረቀቶቼን ደግፎ እንዲይዝልኝ ይዤው ወጥቼ፣ ኋላ የመሳቢያ ምንጣፍ አድርጌው ነበር። ካልሲዎቼን አንሥቼ አወጣሁትና ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ደረቴ ላይ ነጠብጣብ ሆነ። የሲን ረድፍ በጣቴ ወረድኩበት። አርባ አምስት ብርሃን ነው። አርባ ስድስት ብርሃን ነው። አርባ ሰባት ጨለማ ነው። አርባ ስምንት ብርሃን ነው።

የተደፈነው በቁስል ፕላስተር ነው፤ ጨርቅ የሆነው፣ የቆዳ መልክ ያለው፣ አሁን የወየበው ፕላስተር።

ባለቤቱ ፕላስተር አልነበረውም። ፕላስተር የነበረኝ እኔ ነኝ። ካርቶኑን የበሳሁ ዕለት የጋለው ሚስማር ሌባ ጣቴን አቃጥሎኝ ከመነኻሪያው ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ገዝቼ ሳምንቱን ሙሉ ጠቅልዬው ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ቀስ በቀስ ሌላውም መጣልኝ። ባለቤቱ በእስክሪብቶ ክዳን እየጠቆመ "ይህን ሰልፍ ስበረው፤ ወረቀቱንም አስተካክል" ሲል፣ እኔም ሳላመነታ "እሺ ጋሼ" ስል፤ ከኪሴ ፕላስተር አውጥቼ በጥርሴ ስቆርጥ። የጥያቄ ወረቀቱ ያለበት ፍላሽ አስቀድሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ነበር። የተስተካከለውን ማድረስ የማን ድርሻ ነበር? እዚህ ጋ ትዝታዬ ይጨልማል። የት ላይ እንደሚጨልም ሳይ ግን እኔ እንደነበርኩ እቆጥረዋለሁ።

ቁጣዬ አልበረደም፤ ቤቱን ብቻ ቀየረ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ አንድ ነገር ሲያብከነክነኝ ሰነበተ፦ ዝም ያልኩት ጥፋቱ የኔ መሆኑን ሳላውቅ ነው ወይስ ፕላስተሩ ጣቴ ላይ ስለነበረ? ይህን ልትመሰክር የምትችለው ያን ዕለት ካርቶኑ ላይ ያጎነበሰችው ልጅ ብቻ ናት። ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱን አፈላልጌ ስለ እሷ ጠየቅሁት። "ባቱ ናት ቲቸር፤ ሁለተኛ ደረጃው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት" አለኝ።

ባቱ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ከዋናው መንገድ በጋሪ ገባሁ። ቤቷ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የምትሆን የቆርቆሮ ሱቅ ናት፤ አንድ ማሽን፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ በገመድ የተንጠለጠሉ የጥያቄ ጥራዞች አሉ። አየችኝና ወዲያው አወቀችኝ።

"ቲቸር! ሸበቱ እኮ!"

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ይቀመጡ፤ ወንበሩ እግሩ ሦስት ነው፣ ወደ ግድግዳው ይደገፉ።"

ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ተጨማሪ እንደተፈተነች፣ እንዳላለፈች፣ አበባ እርሻም ሠርታ እንደወጣች የከሰል ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነገረችኝ። ዓይኔ ጥራዞቹ ላይ ነበር። አንዱን አውርጄ ገለጥኩት። የእኛው የማዕከሉ ጥያቄዎች ናቸው፤ እጅ በእጅ እየተባዙ እዚህም ደርሰዋል፤ መልሶቹ ከኋላ ተደርድረዋል። አርባ ሰባት ላይ ዲ የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ሲ ተጽፎበታል። ሌላውን ገለጥኩ፤ እሱም ተሰርዟል።

"ሁሉንም ነው የምታርሚው?"

"ሳልሸጥ በፊት፣ አንድ በአንድ። አብዛኛው ልጅ ግን 'ያልተሰረዘ የለሽም? ይሄንን አበላሽተሽዋል' ብሎ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።" ሳቀች። "ስልካቸው ላይ ዲ ነው የሚለው። ሐይቁ እዚህ በእግር ይደረሳል፣ ቲቸር። ከሐይቁ ይልቅ ስልኩን ያምናሉ።"

ካርቶኑን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። የማስረዳበትን ቃል መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። "ይህን የደፈንኩት…" ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለች። "ያን ዕለት አይቼዋለሁ። ሲ ላይ ፕላስተር አለ፤ የእርስዎም ጣት ላይ ያው ፕላስተር አለ። ዲ ነው ቢሉኝ አያውቁም ብዬ በተውኩት ነበር። ግን ያውቁ ነበር።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"እኔ ብናገር የተማሪ ነገር ነው የሚሆነው። እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጂኦግራፊ አይደል የተማሩት ብዬ የጠየቅሁዎት ለዚህ ነው።"

አንድ ተማሪ ገብቶ ፎቶ ኮፒ አለ፤ ተነሥታ ወደ ማሽኑ ሄደች። ይቅርታ አልኳት። "እሺ" አለች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። ይቅር አለችኝ ብዬ አልጽፍም፤ እሺ ነው ያለችው። ካርቶኑን ልወስድ ስል "እሱን ይተዉልኝ" አለች። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኩም፤ ትቼላት ወጣሁ።

ከዚያ ወደ አዳማ መመለስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን በተቃራኒው ወደ ደቡብ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዳሚ ቱሉን አልፈን ቡልቡላ ወረድኩና በእግሬ ወደ ድልድዩ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም አላብራራሁትም። የመጽሐፉን መልስ ከተመረቅሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ማወቄ ለማንም አልጠቀመም። በዓይኔ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። በቡልቡላ ድልድይ ስንት ጊዜ እንደተሻገርኩ ሳስብ አፍራለሁ፤ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም የተማሪ ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው።

ከመንገዱ ዳር ሣር ቆረጥኩ። በዝዋይ በኩል ባለው የድልድዩ ጠርዝ ቆሜ ወደ ውኃው ጣልኩት፤ አንድ ኢሱዙ ጥሩምባውን እየነፋብኝ አለፈ፤ ሮጬ ወደ ማዶው ጠርዝ ተሻገርኩና ጠበቅኩ። ውኃው ቀጭንና ድፍርስ ነበር። ሣሩ ከድልድዩ ሥር ወጣ፤ ከሐይቁ እየራቀ ወደ አቢጃታ አቅጣጫ ሄደ። ሁለተኛ ጊዜ ጣልኩ። ሦስተኛ ጊዜም ጣልኩ። ሦስቱም ወደዚያው ሄዱ።